ኮረንቲው የት ላይ ቀረ? ወይም በመኪና ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ጉድለት የሚፈለግበት ዘዴ

የሰው ልጅ ከጥንት ዘመን ጀምሮ በሚጓዝበት ጊዜ ቤቱን ይዞ ለመሄድ ሲመኝና ሲጣጣር ኖሯል። በሀገራችን ቆላ ምድር የሚኖሩት የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ጎጆአቸውን አፍርሰው በግመል ጭነው፥ ሣርና ውሃ ወዳለበት ቦታ ሲደርሱ መልሰው እንደሚተክሉት በጂኦግራፊ ትምህርታችን ተምረናል። በአሜሪካና በአውሮፓ ደግሞ ይኸው ምኞት ሞተር ሆም የሚባለውን መኪና አስገኝቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የመኪና ቤት ብለን እንጠራዋለን። ይህም ከውጭ ሲያዩት አውቶቡስ የሚመስል፥ ከውስጥ ግን አልጋ፥ ምድጃ፥ የውሃ ቧንቧ፥ መታጠቢያና ማቀዝቀዣ ያለው እውነተኛ ቤት ነው።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ፥ በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ የሚኖሩት አጎቴ ጋብዘውኝ ነበርና፥ ከእርሳቸው፥ ከባለቤታቸውና ከአያቴ ጋር በእንዲህ ያለ መኪና ወደ ሰሜን፥ ወደ ዋዮሚንግ ግዛት ለመጓዝ ዕድል አገኘሁ። ያሰብነውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. የተቋቋመውን፥ በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሚባለውን የሎውስቶንን ለማየት ነበር። ስለ ፓርኩ ፍል ውሃና ስለ አራዊቱ ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል። ዛሬ ግን ለመናገር የተነሣሁት በመንገድ ላይ ኮረንቲ ጠፍቶብን ስለ ደረሰብን ጭንቀት፥ ጉድለቱም እንዴት ተፈልጎ እንደ ተገኘ ነው። ብዙዎቻችን የመኪና ቤት የለንም፤ ነገር ግን ባትሪ፥ ፊውዝና ሽቦ የማያውቅ ሰው ስለሌለ ትምህርቱ ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ዓይነት ኮረንቲ በአንድ ጣራ ሥር

የመኪናውን ቤት ችግር ለመረዳት አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ይኸውም በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ኮረንቲ ጎን ለጎን መኖራቸው ነው።

የመጀመሪያው 12 ቮልት የሆነው የባትሪ ኮረንቲ ነው። ይህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ ቀጥተኛ ይባላል። የጣራው መብራቶች፥ የውሃው ፓምፕ፥ የማሞቂያው ማራገቢያና የማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ የሚሠሩት በዚህ ነው። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። በኢትዮጵያ በየቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ ግን 120 ቮልት ነው። መንገደኞች በሚያርፉበት ሰፈር በእያንዳንዱ የመኪና ማቆሚያ አጠገብ ሶኬት ያለበት አጭር ምሰሶ ተተክሏል፤ መኪናው ሲቆም አንድ ወፍራም ገመድ ከምሰሶው ላይ ይሰካል። የቤቱ አየር ማቀዝቀዣ፥ ማይክሮዌቩና በግድግዳው ላይ ያሉት ሶኬቶች የሚሠሩት በዚህ ነው። ምሰሶ በሌለበት ምድረ በዳ ደግሞ በመኪናው ላይ የተገጠመ ጄኔሬተር ይህንኑ 120 ቮልት ያመነጫል።

እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ አለ፤ ስሙም ኮንቨርተር ይባላል። ሥራው 120 ቮልቱን ተቀብሎ፥ ወደ 13 ወይም 14 ቮልት ዝቅ አድርጎ፥ ቀጥተኛ ካደረገው በኋላ ባትሪውን መሙላትና መብራቶቹን መመገብ ነው። ይህ ድልድይ ከተሰበረ ገመዱ በምሰሶው ላይ ተሰክቶ እያለ ባትሪው በረሃብ ይሞታል።

ባትሪውም ራሱ ሁለት ነው። አንዱ ሞተሩን የሚያስነሣ ሲሆን ሌላው ቤቱን የሚያገለግል ነው። መኪናው በሚጓዝበት ጊዜ በሞተሩ የሚዞረው ዲናሞ ሁለቱንም ይሞላቸዋል። መኪናው ሲቆም ግን ሁለቱ ባትሪዎች ይለያያሉ፤ ይህም የሆነው ሰው ሌሊቱን መብራት ሲያበራ አድሮ ጠዋት ሞተሩ አልነሣም እንዳይለው ነው። እንግዲህ የቤቱ ባትሪ በጉዞ ጊዜ ምግቡን ከዲናሞው፥ በዕረፍት ጊዜ ደግሞ ከኮንቨርተሩ ያገኛል ማለት ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ የምናገረው ነገር ሁሉ ቁልፉ እዚህ ላይ ነውና።

ባትሪ ምን ያህል እንደ ሞላ የሚታወቀው በተለምዶ ቴስተር በምንለው መለኪያ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ከእርሳስና ከሰልፈሪክ አሲድ የሠራው ዓይነት ባትሪ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ መኪና ውስጥ ያገለግላል። እንዲህ ያለው የ12 ቮልት ባትሪ ሳይሞላና ሳይሠራ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ቢያሳይ ሙሉ ነው። 12.2 ቢያሳይ ግማሽ ያህል፥ 12.0 ቢያሳይ ሩብ ያህል ቀርቶታል። ከ11.8 በታች ከወረደ ግን ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። በመሞላት ላይ ሳለ ደግሞ ከ13 ቮልት በላይ ማሳየት አለበት። ከሙሉ እስከ ባዶ ያለው ልዩነት አንድ ቮልት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ መብራቱን በዓይን አይቶ «ደኅና ነው» ወይም «ደክሟል» ማለት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ መለካት ያስፈልጋል።

በጉዞ ላይ የደረሰብን ነገር

ከዴንቨር ከመነሣታችን በፊት አጎቴ የቤቱን ባትሪ ጫፎች እንዳጸዳ አዘዙኝ። በጫፎቹ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ዝገት ተጋግሮባቸው ነበር። ኬብሎቹን ፈትቼ፥ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጬ በብሩሽ ካጠብሁ በኋላ መልሼ አሰርሁ። በማሰሩ ላይ ስለ ሆነው ነገር ኋላ እናገራለሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ ስንጓዝ ሁሉም ነገር ደኅና ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ከፓርኩ ውጭ ባለ አንድ ሰፈር ደርሰን ገመዱን በምሰሶው ላይ ሰክተን ተቀመጥን። የመጀመሪያው ሌሊት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ሌሊት ግን መብራቶቹ እንደ ኩራዝ ቀስ በቀስ ደበዘዙ፤ ፓምፑ አቃሰተ፤ በመጨረሻም ማቀዝቀዣው ጠፋ። የሚገርመው ግን ማይክሮዌቩ ይሠራል፥ በግድግዳው ሶኬት ላይ የሰካነው የሻይ ማፍያም ውሃ ያፈላል። ኮረንቲ አለ እንዳንል የለም፤ የለም እንዳንል አለ።

ነገሩ ከቀልድ ያለፈው በአያቴ ምክንያት ነው። አያቴ የስኳር በሽታ ስላለባቸው በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ገና ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀትም ያበላሸዋል፥ በረዶ መሆንም ያበላሸዋል። የጉዞው ሁሉ መድኃኒት በዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። ማቀዝቀዣው በ120 ቮልትም በጋዝም የሚሠራ ስለ ሆነ አጎቴ «ጋዙ ሙሉ ነው፥ በጋዝ ይሥራ» ብለው ማብሪያውን ለወጡ፤ እርሱ ግን እምቢ አለ። ምክንያቱም ጋዙን የሚከፍተውና እሳቱን የሚያቀጣጥለው መቆጣጠሪያ ራሱ 12 ቮልቱን ይፈልጋል። ስለዚህ የቤቱ ባትሪ ሲደክም፥ ጋዙ ሞልቶ ምሰሶውም ኮረንቲ እየሰጠ ማቀዝቀዣው ይቆማል።

የአጎቴ ባለቤት መድኃኒቱን በጨርቅ ጠቅልለው፥ በረዶውን እንዳይነካ አድርገው በበረዶ ሣጥን ውስጥ አኖሩት። አያቴም «አይዟችሁ፥ እኔ ከዚህ የባሰ ብዙ አይቻለሁ» እያሉ ቢያጽናኑንም አጎቴ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸውን ሳይከድኑ አደሩ።

ሲነጋ አጎቴ «ባትሪው አርጅቷል» ብለው ፈረዱ። በሰው መኪና ወደ ከተማ ሄደው ከ200 ዶላር በላይ ከፍለው አዲስ ባትሪ ገዝተው መጡ። አዲሱ ባትሪ እንደ ታሰረ መብራቱ ቦግ አለ፤ ማቀዝቀዣውም ሠራ። ሁላችንም ተደሰትን። ነገር ግን ደስታችን አንድ ቀን ብቻ ቆየ፤ በማግሥቱ ማታ መብራቱ እንደ በፊቱ መደብዘዝ ጀመረ።

የሽማግሌው ሦስት ጥያቄዎች

በአጠገባችን ሰፍረው የነበሩ ጡረታ የወጡ አንድ አሜሪካዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የአጎቴን መጨነቅ አይተው በማግሥቱ ጠዋት ቴስተራቸውን ይዘው መጡ። አንድም ሽቦ ከመንካታቸው በፊት ሦስት ነገር ጠየቁ። «የሚሠራው ምንድን ነው? የማይሠራውስ? ችግሩ ከመጀመሩ በፊት በመጨረሻ የተነካው ነገር ምንድን ነው?»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች አጎቴ መለሱ። 120 ቮልት የሚፈልገው ሁሉ ይሠራል፤ 12 ቮልት የሚፈልገው ሁሉ ደክሟል። ሽማግሌውም «እንግዲያው ግማሹን ሥራ ጨርሰናል፤ ምሰሶውንና ገመዱን መጠርጠር አያስፈልገንም» አሉ። ለሦስተኛው ጥያቄ አጎቴ «ምንም የተነካ ነገር የለም» ብለው ሲመልሱ እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ዝም አልሁ።

ሽማግሌው ሥራቸውን ሲጀምሩ ትዝ ያለኝ የሀገሬ የመስኖ ገበሬ ነው። ገበሬ አትክልቱ ሲጠወልግበት ተክሉን ነቅሎ ሌላ አይተክልም፤ ቦዩን ተከትሎ ወደ ምንጩ ይወጣል እንጂ። ውሃው እዚህ አለ፥ እዚህም አለ፥ እዚህ ግን የለም፤ እንግዲያው የተደረመሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው ይላል። እርሳቸውም እንዲሁ አደረጉ።

በመጀመሪያ በግድግዳው ሶኬት ላይ ለኩ፤ መለኪያው 119 ቮልት አሳየ። ቀጥሎ ወደ ኮንቨርተሩ የሚገባውን ለኩ፤ እዚያም አለ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቱ ባትሪ ሄደው ሁለቱን ጫፎች ሲለኩ መለኪያው 11.7 አሳየ። ገመዱ በምሰሶው ላይ ተሰክቶ ስለ ነበር ከ13 በላይ መሆን ነበረበት። ይህም አዲሱ ባትሪ ከገዛነው ጀምሮ ምንም ምግብ እንዳላገኘ አስረዳን። ሽማግሌውም አጎቴን «እስቲ ሞተሩን ያስነሡልኝ» አሏቸው። ሞተሩ ሲነሣ የቤቱ ባትሪ ወዲያው ወደ 13.9 ወጣ። እንግዲህ ባትሪውም፥ ከዲናሞው የሚመጣውም መንገድ ደኅና ናቸው ማለት ነው። ሁለት ቀን ስንጓዝ ያልታየው ችግር ስንቆም የታየበት ምክንያት በዚህ ተገለጠልን። የተሰበረው ከኮንቨርተሩ እስከ ባትሪው ያለው ድልድይ ነው።

በአጎቴ መኪና ኮንቨርተሩ ለብቻው ከአልጋው ሥር የተቀመጠ ሲሆን፥ በመውጫው ላይ እያንዳንዳቸው 30 አምፔር የሚችሉ ሁለት ፊውዞች ነበሩት። ሽማግሌው አውጥተው ወደ ብርሃን አስጠግተው ሲያዩዋቸው የሁለቱም ውስጥ ቀልጦ ተበጥሷል። ፊውዞቹን በእጃቸው ይዘው «እነዚህ እዚህ የተቀመጡት ባትሪ ተገልብጦ ሲታሰር ራሳቸው ተቃጥለው ኮንቨርተሩን እንዲያድኑ ነው። ሁለቱም አብረው የተቃጠሉት አንድ ሰው ቀዩንና ጥቁሩን አለዋውጦ ቢያስር ይመስለኛል» አሉ።

ያን ጊዜ ላብ አጠመቀኝ። እውነቱ እንዲህ ነው። ዴንቨር ላይ ባትሪውን አጽድቼ ሳስር ጥቁሩን ኬብል በፖዘቲቩ ጫፍ ላይ አስሬ ቀዩን ወደ ኔጋቲቩ ሳስጠጋ ታላቅ ብልጭታ ወጣ። ደንግጬ ወዲያው አስተካክዬ አሰርሁት። መብራቱን ብሞክረው በራ፤ ስለዚህ ምንም አልሆነም ብዬ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ። መብራቱ የበራው ግን ባትሪው ሙሉ ስለ ነበረ እንጂ ድልድዩ ደኅና ሆኖ አልነበረም።

«ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ። አጎቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ብልጭታውን ያን ዕለት ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡም ባልወጣ፥ እናቴም ባልተጨነቀች ነበር። መሳሳቱ ከማንም ይደርሳል፤ የጎዳን ዝምታህ ነው» አሉኝ። አያቴም ከመቀመጫቸው ሆነው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባል የለም? ልጁ ሥሩን አሳይቷችኋል፥ በቃ ተዉት» ብለው አስታረቁን። አሮጌው ባትሪ በኋላ ተሞልቶ ሲለካ ደኅና ሆኖ ተገኘ።

ፊውዝ ለምን ተሠራ?

የፊውዝ መሸጫው ሩቅ መሆኑን ስሰማ እኔ ጥፋቴን ለመካስ ፈልጌ «በብር ወረቀት ጠቅልለን ብንመልሰውስ?» ብዬ ጠየቅሁ። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎችን በሀገሬ አይቼ ነበርና። አጎቴ ደግሞ በሣጥናቸው ውስጥ የ60 አምፔር ፊውዝ አግኝተው «ይህ ከበፊቱ ይጠነክራል» አሉ። ሽማግሌው ሁለታችንንም ከለከሉን። ምክንያቱን ሲያስረዱን የፊዚክስ መምህራችን በክፍል ያስተማሩን ትዝ አለኝ።

ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1827 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ የሚወሰነው በሚገፋው ቮልትና በሽቦው ተቃውሞ ነው። ኮረንቲ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል። ሙቀቱም የሚጨምረው በኮረንቲው ልክ ሳይሆን ኮረንቲው በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። ይኸውም ኮረንቲው እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ኮረንቲው ሦስት እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ 30 አምፔር እንዲሸከም ተመጥኖ የተዘረጋ ሽቦ 60 አምፔር ቢያልፍበት አራት እጥፍ ይግላል ማለት ነው። ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ የሽቦ ቁራጭ ስለ ሆነ፥ ሌላው ሽቦ ከመጋሉ በፊት እርሱ ቀልጦ መንገዱን ይቆርጣል። ትልቅ ፊውዝ ወይም ብር ወረቀት ብንተካበት ግን ፊውዙ አይቀልጥም፤ የሚቀልጠው በእንጨቱና በፍራሹ መካከል የተዘረጋው ሽቦ ነው። በመኪና ቤት ውስጥ ደግሞ ጋዝ፥ ቤንዚንና የተኙ ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር ይገኛሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምሳሌያችን ለፊውዝ የተነገረ ይመስላል።

እንግዲህ የተቃጠለ ፊውዝ ጠላት ሳይሆን መልእክተኛ ነው። መጀመሪያ ምን እንዳቃጠለው መጠየቅ፥ ቀጥሎም መጠኑ ትክክለኛ በሆነው መተካት ይገባል። ሽማግሌው ከራሳቸው ዕቃ ሁለት የ30 አምፔር ፊውዞች ሰጡን። ዋጋቸው ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ የማይበልጥ ነበር። ገመዱን ከምሰሶው ነቅለን፥ የባትሪውንም ጥቁር ኬብል ፈትተን ፊውዞቹን ከተካን በኋላ ሁሉን በየቦታው መለስን። መለኪያው በባትሪው ላይ 13.6 አሳየ፤ ቆይቶም ከ14 በላይ ወጣ። ማቀዝቀዣው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የአያቴ መድኃኒት ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሌሎች ጉድለቶችና መፈለጊያቸው

ሽማግሌው በዚያ ቀን ከነገሩንና በኋላም ከአጎቴ ጋር ሆኜ ከተማርሁት ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ለአንባብያን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ 120 ቮልት የሚፈልገው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢጠፋ መጀመሪያ የምሰሶው ብሬከር ይታያል። 30 አምፔር የሚሰጥ ምሰሶ በ120 ቮልት ሲባዛ 3,600 ዋት ብቻ ይሰጣል። አየር ማቀዝቀዣው፥ ማይክሮዌቩና 1,500 ዋት የሚፈልግ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አብረው ቢሠሩ ከዚህ ሊያልፉ ይችላሉ፤ ብሬከሩም ይወርዳል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ከመጠን በላይ መጫን ነው። መድኃኒቱም ተራ በተራ መጠቀም ነው።

ሁለተኛ፥ የመታጠቢያ ቤቱና የኩሽናው ሶኬቶች ብቻ ቢሞቱ፥ በአንዱ ሶኬት ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ሶኬት ኮረንቲ ወደ ሰው አካል ወይም ወደ ውሃ ሲያመልጥ 5 ሺኛ አምፔር በሚያህል ጥቂት ኮረንቲ እንኳ ራሱን የሚያጠፋ የሕይወት ጠባቂ ነው። አንዱ ሲጠፋ ከእርሱ በኋላ የተያያዙትንም አብሮ ያጠፋል። ቁልፏ ተጭና መልሳ የምትወጣ ከሆነ ግን ኮረንቲ የሚያፈስ ዕቃ አለና እርሱን መፈለግ ይገባል።

ሦስተኛ፥ የቀጠሉት ገመድ ረጅምና ቀጭን ቢሆን ቮልቱ በመንገድ ላይ ያልቃል። በምሰሶው 120 የነበረው በመኪናው ውስጥ ከ105 በታች ወርዶ ቢገኝ አየር ማቀዝቀዣውን ማጥፋት ይሻላል፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ቮልት ሲሠራ ግሎ ሊቃጠል ይችላልና።

አራተኛ፥ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ፓምፑ ሲነሣ መብራቱ ቢርገበገብ፥ የላላ ወይም የዛገ መያዣ አለ ማለት ነው። በተለይ ከመኪናው ብረት ጋር የታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦ ብሎኑ በዝናብና በአቧራ ስለሚዝግ እርሱን ፈትቶ ማጽዳትና ማጥበቅ ነው። ብዙ ሰው ቀዩን ሽቦ ብቻ ይመረምራል፤ ኮረንቲ ግን መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ይፈልጋል።

አምስተኛ፥ መኪናው ለጥቂት ሳምንታት ቆሞ ባትሪው ባዶ ሆኖ ቢገኝ፥ በስውር የሚበላ ነገር አለ። የጋዝ ማስጠንቀቂያው፥ የሬዲዮው ሰዓትና የማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ይወስዳሉ። መኪናው ለብዙ ጊዜ ሲቆም የባትሪውን ዋና ማጥፊያ መዝጋት ይገባል።

ስድስተኛ፥ ነዳጁን ከመኪናው ጋር የሚጋራ ጄኔሬተር ነዳጅ እያለ እምቢ ቢል ታንኩ ከሩብ በታች መሆኑን ማየት ነው። የጄኔሬተሩ መምጠጫ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ወደ ታንኩ ወለል እንዳይደርስ ተደርጎ ይሠራል፤ ይህም መንገደኛው ነዳጁን ሁሉ በመብራት ጨርሶ በምድረ በዳ እንዳይቀር ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር አለ። ገመዱ ተሰክቶ ሳለ የመኪናውን ብረት ወይም የበሩን እጀታ የነካ ሰው ነዘረኝ ቢል፥ ማንም ሳይነካው የምሰሶውን ብሬከር ማውረድና ባለሙያ መጥራት ይገባል፤ ቀልድ የለበትም። ጄኔሬተርም በተኙ ሰዎች መስኮት አጠገብ አይሠራም፤ ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጢስ ሳይታወቅ ይገድላልና። በሚሞላ ባትሪ አጠገብ ክብሪት አይጫርም፤ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣዋል። ባትሪ ሲፈታ ጥቁሩ ኬብል ቀድሞ ይፈታል፥ ሲታሰር ደግሞ በመጨረሻ ይታሰራል፤ ቀለበትና የእጅ ሰዓትም አስቀድመው ይወልቃሉ። ከምሰሶው የሚመጣውን 120 ቮልትና በቤታችን ያለውን 220 ቮልት ደግሞ እኛ ተማሪዎች ከፍተን እንድንጠግን አይገባንም፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

መደምደሚያ

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ ጉዞ ይዤው የተመለስሁት ትምህርት በጥቂት ቃል የሚነገር ነው። የጠፋ መብራት ሲያጋጥመን እጃችን ወደ ኪሳችን ወይም ወደ መፍቻው ከመሄዱ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ። የሚሠራውን ከማይሠራው እንለይ፤ እንደ መስኖ ገበሬው ከምንጩ ጀምረን በየደረጃው እየለካን እንውረድ፤ ኮረንቲው ባለበትና በሌለበት መካከል ያለውን ቦታ እንመርምር። ይህ መንገድ በዋዮሚንግ ተራራ ላይ ለቆመ የመኪና ቤት ብቻ ሳይሆን፥ በአንድ የገጠር ጣራ ላይ ለተሰቀለ የፀሐይ ኃይል መብራትም፥ ጠዋት አልነሣም ላለ ሚኒባስም ያገለግላል።

ሦስተኛውን ጥያቄ ግን መለኪያ አይመልሰውም። በመጨረሻ የተነካው ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው የነካው ሰው ብቻ ነው። በቤተ ሙከራችን ዕቃ ሲሰበር፥ በቤታችንም ሽቦ ሲያቃጥል ያየነውን ብልጭታ ያንኑ ጊዜ ብንናገር መምህራኖቻችንና ወላጆቻችን ይቈጡን ይሆናል፤ ነገር ግን ቁጣው አንድ ቀን ነው። አጎቴ የተቃጠሉትን ሁለት ፊውዞች አልጣሉአቸውም፤ ስመለስ በእጄ ሰጡኝ። አሁንም በጠረጴዛዬ ላይ በደብተሬ አጠገብ ይገኛሉ።

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ